ባክቴሪያው ፐርኩን አይበላውም፣ ይተነፍሰዋል

ጥያቄው የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ትላለች፦ «ከግቢያችን ጀርባ ድሮ ላውንደሪ ነበር። ከተዘጋ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ሠራተኞቹ ካባ፣ ኮትና ምንጣፍ የሚያጥቡበትን ኬሚካል ዝቃጭ ጓሮ ቆፍረው ይደፉት ነበር። የእኛ የውሃ ጉድጓድ ከዚያ ቢርቅ 30 ሜትር ነው። እናቴ ጠላ የምትጠምቀው በዚያ ውሃ ነው። አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ አየር በሌለበት መሬት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኬሚካሉን ይበሉታል፣ አታስቡ አለን። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት? ቶሎ እንዲበሉት አተላ ወይም ስኳር ብንደፋላቸውስ?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ውሃው እስኪመረመር ድረስ ከዚያ ጉድጓድ አትጠጡ፣ ጠላም አትጥመቁበት፣ ሊጥም አታቡኩበት። ከቦኖም ሆነ ከቧንቧ ቅዱ። ማፍላት መፍትሔ አይደለም። ፐርክ የሚባለው ይህ የላውንደሪ ኬሚካል ሲሞቅ በቀላሉ ይተናል፣ ስለዚህ ቤት ውስጥ ስታፈሉት ከውሃው ወጥቶ እናትሽ የምትተነፍሰው አየር ውስጥ ይገባል። ውሃ ማከሚያ ክሎሪን ደግሞ ጀርም ይገድላል እንጂ ይህንን አይነካውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። የሰፈራችሁ ልጅ ያለው ግማሹ እውነት ነው። ባክቴሪያዎቹ አሉ። ሥራቸውም የሚያስደንቅ ነው። ግን «ይበሉታል» የሚለው ቃል ላይ ተሳስቷል። ስሕተቷ ትንሽ ትመስላለች። «አታስቡ» የሚለው ምክር የመጣው ግን ከሷ ነው። እኔም ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ ለዚህ ነው።

ላውንደሪ ቤቶች በውሃ ለማይታጠብ ልብስ በብዛት የሚጠቀሙት ፐርክሎሮኢቲሊን የሚባል ፈሳሽ ነው። ሥራው ላይ ያሉ ሰዎች ባጭሩ «ፐርክ» ይሉታል። መሃል ላይ ሁለት ካርቦን፣ ዙሪያውን አራት ክሎሪን፣ አለቀ። ጋራዦችና ብረታ ብረት ቤቶች ቅባት ለማስለቀቅ የሚጠቀሙበት ትራይክሎሮኢቲሊን ወንድሙ ነው። እሱ ሦስት ክሎሪን አለው። ሁለቱም ቅባት ያሟሟሉ፣ እሳት በቀላሉ አይዛቸውም፣ ቶሎ ይደርቃሉ። ለሥራ የተወደዱት ለዚህ ነው።

መሬት ውስጥ ሲገቡ ግን ጠባያቸው ሌላ ነው። ናፍጣ ቢፈስ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። ፐርክ ከውሃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትሩ 1.6 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የከርሰ ምድር ውሃው ጋ ሲደርስ አይቆምም፣ ሰንጥቆት ይወርዳል። የጎጃም መሬት ደግሞ ከሥሩ በብዛት ባዛልት ነው፣ የተሰነጣጠቀ ጥቁር ድንጋይ። ፈሳሹ በየስንጥቁ ገብቶ ይቀመጥና ለዓመታት በጥቂት በጥቂቱ ውሃው ውስጥ ይሟሟል። ላውንደሪው ከተዘጋ ስምንት ዓመት ሆነው ማለት ኬሚካሉ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጠፋ ኖሯል ማለት አይደለም።

መጠኑን ለመገመት አንድ ሒሳብ ልሥራልሽ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ለመጠጥ ውሃ የፈቀደው የፐርክ ጣሪያ በሊትር 5 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ማይክሮግራም የግራም ሚሊዮንኛ ነው። አንድ ሊትር ፐርክ 1.6 ቢሊዮን ማይክሮግራም ገደማ ነው። ለአምስት ስታካፍይው ከ300 ሚሊዮን ሊትር በላይ ውሃ ይወጣል። አንድ የዘይት ጠርሙስ የምታህል ፐርክ ያን ሁሉ ውሃ እስከ ጣሪያው ታደርሰዋለች። ያ ሁሉ ውሃ ይበከላል ማለቴ አይደለም። «ትንሽ ነው የደፉት» የሚለው ግን አያጽናናም።

ወደ ባክቴሪያዎቹ እንምጣ።

እናትሽ ድፍድፉን ጋን ውስጥ አድርጋ አፉን ስትመርገው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ። ውስጥ የቀረችውን አየር እርሾዎቹ ወዲያው ይጨርሷታል። ከዚያ በኋላ ያለ አየር የሚኖሩበት ሌላ ኑሮ ይጀመራል። መሬትም እንዲሁ ነው። ከላይ ያለው አፈር አየር ያገኛል። ወደ ታች፣ በተለይ ፍሳሽ ወይም የበሰበሰ ነገር ባለበት፣ ኦክስጅኑ ያልቃል። በክረምት ረግረግ ላይ ከብት ሲረግጥ አይተሽ ከሆነ፣ ኮቴው ሲነሳ ጥቁር ጭቃ ይወጣል፣ አረፋ ይላል፣ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል። ከላይ አረንጓዴ ሣር፣ ከአንድ ስንዝር በታች አየር አልባ ዓለም።

እኛ እንጀራ ስንበላ ሰውነታችን ከእንጀራው ኤሌክትሮን የምትባል ኤሌክትሪክ ያላት ጥቃቅን ቅንጣት ያወጣል። ያንን ኤሌክትሮን የሚቀበለን የምንተነፍሰው ኦክስጅን ነው። ምግብ ሰጪ ነው፣ ኦክስጅን ተቀባይ ነው። ጉልበት የሚገኘው በሁለቱ መሃል ነው። ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ሌላ ተቀባይ ይፈልጋሉ። አንዳንዶቹ ናይትሬትን ይጠቀማሉ። ሌሎቹ የአፈር ብረትን፣ ሌሎቹ ሰልፌትን። ከነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ ፐርክን ተቀባይ ያደርጉታል። ኤሌክትሮኑን ሲሰጡት አንድ ክሎሪን ይወድቃል፣ በቦታው አንድ ሃይድሮጂን ይገባል። አራት የነበረው ሦስት ይሆናል።

ማለትም ለኛ ኦክስጅን እንደሆነ ለነሱ ፐርክ እንደዚያው ነው። አየራቸው ነው። እህል ግን አይሆናቸውም።

ልዩነቱ ምን ያመጣል? ብዙ። በየሰፈሩ ስለዚህ ነገር ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀረው ይኸው ነው። ኬሚካሉ ምግባቸው ቢሆን ኖሮ ዝም ብለን ብንተወው በልተው ይጨርሱት ነበር። አየራቸው ከሆነ ግን ምግብ ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። ጮቄ ተራራ ላይ ቆመሽ ያንን ንጹሕ አየር የፈለግሽውን ያህል ብትስቢ ሆድሽ ባዶ ከሆነ አትውይም። ባክቴሪያዎቹም በፐርክ ተከበው በረሃብ ሊቀመጡ ይችላሉ። ዓመት፣ አሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ።

ምግባቸው ሃይድሮጂን ነው። ለእያንዳንዱ ክሎሪን አንድ የሃይድሮጂን ሞለኪውል ይሄዳል። ከመሬት ሥር ሃይድሮጂን የሚገኘው ሌሎች ባክቴሪያዎች የበሰበሰ ነገር ሲያብላሉ ነው። ቅጠል፣ ፍሳሽ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ምንም ይሁን። እነዚያ ሲያብላሉት ሃይድሮጂንና የኮምጣጤ አሲድ ይለቃሉ። የኛዎቹ ሃይድሮጂኑን ይበላሉ፣ በኮምጣጤ አሲዱ ገላቸውን ይሠራሉ። ሌላም አለ። ክሎሪን የሚነቅለው ኢንዛይማቸው መሃል ላይ ኮባልት ያለበት የቫይታሚን ቢ12 ዓይነት ሞለኪውል ይፈልጋል። ዋነኛው ባክቴሪያ ይህንን ቫይታሚን ራሱ መሥራት አይችልም። ከጎረቤት ይወስዳል። ስለዚህ ነገሩ ወንፈል ነው። ብቻውን የሚያርስ የለም።

አሁን ስለ መንገዱ። መርዙ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፐርክ አንድ ክሎሪን ሲጥል ትራይክሎሮኢቲሊን ይሆናል። ሁለተኛውን ሲጥል በብዛት የሚወጣው ሲስ-ዳይክሎሮኢቲሊን ነው። ሦስተኛውን ሲጥል ቪኒል ክሎራይድ ይሆናል። አራተኛውን ሲጥል ኢቲሊን ይቀራል። ኢቲሊን ምንም አያደርግሽም። ያልበሰለ አቮካዶ እህል ውስጥ ቀብረን ስናበስል የሚያበስለው ፍሬው ራሱ የሚለቀው ይኸው ጋዝ ነው። እዚያ ድረስ ከደረሰ እንኳን ደስ ያለሽ።

ችግሩ ቪኒል ክሎራይድ ነው። ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በማያጠራጥር ሁኔታ ከተረጋገጡ ነገሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በፕላስቲክ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ከስንት አንዴ የሚታይ የጉበት ካንሰር ተደጋግሞ ሲገኝ ነው ዓለም የነቃው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 0.3 ማይክሮግራም ነው። ከፐርክ የባሰ ነው። ስለዚህ ባክቴሪያዎቹ ሦስት አራተኛውን መንገድ ሄደው ቢቆሙ፣ ከመጀመሪያውም ባይነሱ ይሻል ነበር። «ባክቴሪያ ይሠራዋል፣ ተዉት» የሚለው ምክር የሚያስፈራኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ለምን ይቆማሉ? አንደኛው ምክንያት ራሱ ኬሚካሉ ነው። ክሎሪን ኤሌክትሮን ይስባል። አራት ክሎሪን ያለው ፐርክ ኤሌክትሮን ለመቀበል ችኩል ነው። እየጎደለ ሲሄድ ፍላጎቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ፈጣን ናቸው፣ የመጨረሻዎቹ ይጎተታሉ። ሁለተኛው ምክንያት ሠራተኛው ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክሎሪኖች መንቀል የሚችሉ ባክቴሪያዎች ብዙ ናቸው። ዴሃሎባክተር፣ ዴሰልፊቶባክቴሪየም፣ ሰልፉሮስፒሪለም፣ አንዳንድ ጂኦባክተሮች። ሲስ-ዳይክሎሮኢቲሊን ላይ ሲደርሱ ሁሉም እጃቸውን አጥበው ይነሳሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ኢቲሊን የሚወስደው ዴሃሎኮኮይዲስ የሚባለው ነው፣ ከቅርብ ዘመዱ ጋር።

ይህን ፍጥረት ላስተዋውቅሽ። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ በሚገኘው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፍሪድማንና ጎሴት የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ፐርክ ያለ ኦክስጅን እስከ ኢቲሊን ድረስ ሊወርድ እንደሚችል አሳዩ። ማን እንደሚሠራው ግን አልታወቀም ነበር። በ1997 ማይሞ-ጋቴል፣ ዚንደርና ጎሴት ያሉበት ቡድን ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣው። የተገኘው ኢታካ ከተማ ከሚገኝ የፍሳሽ ማጣሪያ ዝቃጭ ነው። በ2013 ዴሃሎኮኮይዲስ ማካርቲ የሚል ስም ጸደቀለት፣ ለመስኩ ብዙ ለሠሩት ለፔሪ ማካርቲ መታሰቢያ። ቅርጹ እንደ ጠፍጣፋ ክኒን ነው፣ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር ለሁለት ሺህ ተከፍሎ አንዱን ያህል ገደማ። ብዙ ባክቴሪያዎች ያላቸው ጠንካራ የግድግዳ ቁስ የለውም፣ ስለዚህ አምፒሲሊን አይገድለውም። የዘር መረጃው አጭር ነው፣ 1.5 ሚሊዮን ፊደል አይሞላም። ከዚያች አጭር መጽሐፍ ውስጥ ግን ከ15 በላይ የሚሆኑት ጂኖች ለክሎሪን መንቀያ ናቸው። ሌላ ሙያ የለውም። ክሎሪን ያለበት ነገር ካጣ፣ ወይም ሃይድሮጂን ካጣ፣ አያድግም። ኦክስጅን ከነካው ይሞታል።

«ሰው ፐርክን የሠራው ትናንት ነው፣ ይህ ባክቴሪያ ከየት መጣ?» ትዪኝ ይሆናል። ክሎሪን ያለባቸውን ውሑዶች ተፈጥሮ ራሷም ትሠራለች። የባሕር አልጌ፣ ፈንገስ፣ የደን ቃጠሎ፣ እሳተ ገሞራ ያወጧቸዋል። በሺዎች የሚቆጠሩ ይታወቃሉ። እነዚህ ባክቴሪያዎች እኛ ሳንኖር ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ነበሩ።

ላብራቶሪ ውስጥ እነሱን ማሳደግ ትዕግሥት ይፈትናል። ወፍራም የመስታወት ጠርሙስ፣ አፉ በጎማ ቡሽ ተጠርቅሞ በአሉሚኒየም ቀለበት የታሰረ። ውስጡ ያለው አየር በናይትሮጅንና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ተገፍቶ ወጥቷል። ሬሳዙሪን የምትባል ቀለም እንጨምራለን። ኦክስጅን ካለ ሮዝ ትሆናለች፣ ከሌለ ውሃ ትመስላለች። አንድ ጊዜ መርፌዬን በናይትሮጅን ሳላጥብ ናሙና ለመሳብ ወጋሁት። ጠርሙሱ ዓይኔ እያየ ከላይ ጀምሮ ሮዝ ሆነ። የአራት ወር ድካም ነበር። እጥፍ ለመሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይፈጅባቸዋል። የአንጀት ባክቴሪያ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል። እንደገና ጀመርኩ። ከወራት በኋላ ኬሚካሎቹን የሚለካው መሣሪያ በሚስለው መስመር ላይ የኢቲሊን ጉብታ ብቅ ሲል ያየሁበት ቀን እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም።

አሁን የጎጃምን መሬት አስቢ። እነዚህ ባክቴሪያዎች ምን ይወዳሉ፣ ምን ይጠላሉ?

ኮምጣጣ ነገር ይጠላሉ። የሚስማማቸው ፒኤች፣ ማለትም የኮምጣጣነት መለኪያው፣ 7 አካባቢ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። ከ6 ሲወርድ ሥራቸው ይዳከማል፣ በተለይ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ይቆማሉ። የጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ደግሞ በአሲዳማነቱ ይታወቃል። ጎዛምን፣ ማቻከል፣ ወደ አዊ ባንጃ ስትሄጂ ገበሬው ስንዴው አልበቅል ብሎት ኖራ ሲበትን ታያለሽ። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ሥራው ራሱ አሲድ ማውጣቱ ነው። የሚነቀለው እያንዳንዱ ክሎሪን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሆኖ ይወጣል። ማብላላቱም አሲድ ይጨምራል። ወደ ታች ባዛልቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከድንጋዩ ጋር ተነካክቶ ከላይ ካለው አፈር የተሻለ ፒኤች ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ በግምት አይሆንም፣ መለካት አለበት። ፒኤች መለካት ከሁሉም የረከሰው ምርመራ ነው።

ተፎካካሪም አለባቸው። ፐርክ ተቀባይ ነው ብዬሻለሁ። ሌላ ተቀባይ በብዛት ካለ ግን ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ሃይድሮጂኑን ይሻሟቸዋል። ተራው የታወቀ ነው፦ ኦክስጅን፣ ናይትሬት፣ ማንጋኒዝ፣ ብረት፣ ሰልፌት፣ በመጨረሻ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ሠሪዎች። ናይትሬት ከዩሪያና ከሽንት ቤት ጉድጓድ ይመጣል። ሰልፌት ከኤንፒኤስ ማዳበሪያ ይመጣል። ብረት የቀይ አፈራችን ቀለም ራሱ ነው። እነዚህ በሞሉበት የኛዎቹ ተራ ጠባቂ ናቸው። አንድ ብልጫ ግን አላቸው። ሃይድሮጂኑ ትንሽ ሲሆን ሚቴን ሠሪዎቹ ይራባሉ፣ ዴሃሎኮኮይዲስ ግን በዚያችው ይኖራል። ስለዚህ ምግብ በአንዴ ከማጉረፍ ጠብ ጠብ ማድረግ ይጠቅማቸዋል። በሠለጠነ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የምግብ ዘይት በጥሩ ሁኔታ ከውሃ ጋር አዋሕደው መሬት ውስጥ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ዘይት በዝግታ ይብላላል፣ ሃይድሮጂኑም በዝግታ ይወጣል።

ቅዝቃዜም አለ። በላብራቶሪ የሚወዱት 25 እና 30 ዲግሪ መካከል ነው። የደብረ ማርቆስ ከርሰ ምድር ውሃ ከ20 በታች ነው። ይሠራሉ፣ ግን ይዘገያሉ።

ስለዚህ የአተላው ሐሳብሽ ሞኝነት አይደለም። እንዲያውም ሞላሰስ፣ አይብ ውሃና ላክቴት የሚባለው የወተት አሲድ ጨው መሬት ውስጥ እየተጨመሩ የተጸዱ ቦታዎች አሉ። ባክቴሪያው በሌለበትም ካለበት ቦታ አምጥተው፣ በላብራቶሪ አሳድገው ያስገባሉ። በአሜሪካ የጦር ኃይል ሰፈሮች ላይ፣ ዴላዌር ውስጥ ዶቨር፣ ቴክሳስ ውስጥ ኬሊ፣ በዚህ መንገድ እስከ ኢቲሊን ማድረስ እንደተቻለ ታይቷል። እርሾ ከጎረቤት ተበድረሽ ሊጥ ላይ እንደምትጨምሪው ነው።

ግን እባክሽ አታድርጉት። አንደኛ፣ የመጠጥ ጉድጓድ ውስጥ አተላ መድፋት ውሃውን ሌላ በሽታ ይጨምርበታል። ሁለተኛ፣ አየሩ ሲያልቅ ብረትና ማንጋኒዝ ከድንጋዩ ይሟሟሉ፣ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ሚቴንም ሊጠራቀም ይችላል፣ ሚቴን ደግሞ ይፈነዳል። ሦስተኛና ከሁሉ የከፋው፣ ምግቡ የመጀመሪያዎቹን ባክቴሪያዎች ብቻ ቀስቅሶ ዴሃሎኮኮይዲስ ከሌለ ወይም አሲዱ ካሸነፈው፣ ፐርኩን ወስዳችሁ ሲስ-ዳይክሎሮኢቲሊንና ቪኒል ክሎራይድ ታደርጉታላችሁ። ምግቡ የሚገባው ጉድጓዳችሁ ውስጥ ሳይሆን ብክለቱ ያለበት ቦታ ነው፣ የውሃው ፍሰት ወዴት እንደሆነ ታውቆ፣ ከፊትና ከኋላ መከታተያ ጉድጓድ ተቆፍሮ።

ስለዚህ ምርመራው ይቅደም። ወደ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤትና ውሃ አገልግሎት በጽሑፍ አመልክቱ። የላውንደሪው ታሪክ ይገባበት፣ መቼ ተከፈተ፣ መቼ ተዘጋ፣ የት ይደፋ ነበር። የድሮ ሠራተኛ ካገኛችሁ ቦታውን ያሳይ። ምርመራው ጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ማለትም የሚተኑ ኬሚካሎችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ፣ ያለው ላብራቶሪ ይፈልጋል፣ የተለመደው የጀርም ምርመራ ይህንን አያይም። «ውሃው ንጹሕ ነው» ሲሏችሁ «ምን ተመረመረ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ናሙናው በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀዳም። ኬሚካሉ በፕላስቲኩ ያልፋል፣ ይተናልም። ላብራቶሪው የሚሰጣቸው 40 ሚሊሊትር የሚይዙ ትንንሽ የመስታወት ጠርሙሶች አሉ። ውሃው ሳይንቦጫረቅ በጠርሙሱ ግድግዳ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከንፈሩ ላይ እስኪያብጥ ድረስ ይሞላል፣ ከዚያ ይከደናል። ገልብጠሽ መታ መታ አድርጊው። አንዲት አረፋ ወደ ላይ ከወጣች ደፍተሽ እንደገና ቅጂ፣ ምክንያቱም ኬሚካሉ ወደዚያች አረፋ ይሸሻል። በረዶ ውስጥ ይቀመጥ፣ በሳምንት ውስጥ ይድረስ። ቢቻል ሁለት ጊዜ ይወሰድ፣ አንዴ ግንቦት ላይ፣ አንዴ መስከረም ላይ። ክረምቱ ኦክስጅን ያለበት አዲስ ውሃ ያስገባል፣ የውሃውን ከፍታም ይለውጣል፣ አንድ ወቅት ብቻ ያየ ሰው ሊሳሳት ይችላል።

አራቱ ኬሚካሎች በሙሉ ይለኩ፣ ፐርክ ብቻውን አይበቃም። ኢቲሊንና ሚቴንም ይለኩ፣ ብዙ ጊዜ ለብቻ ካልጠየቃችሁ አይሠሩላችሁም። ፒኤች፣ ናይትሬት፣ ብረት፣ ሰልፌት። ገንዘብ ከተገኘ የዴሃሎኮኮይዲስ ጂን ቆጠራ አለ። ቪሲአር-ኤ እና ቢቪሲ-ኤ የሚባሉት ጂኖች ቪኒል ክሎራይድን ወደ ኢቲሊን የሚያወርዱት ናቸው። በልምድ በሊትር 10 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ ሥራው በደንብ እየሄደ ነው ይባላል።

ውጤቱን ስታነቢ አንድ ወጥመድ አለ፣ ባለሙያም ይወድቅበታል። ቁጥሩ በማይክሮግራም ይመጣል። 100 ማይክሮግራም ፐርክ ሙሉ በሙሉ ቪኒል ክሎራይድ ቢሆን 38 ገደማ ማይክሮግራም ይሆናል፣ ክሎሪኑ ከባድ ስለሆነ። ወረቀቱ ላይ ስታዪው ብክለቱ ከግማሽ በላይ የቀነሰ ይመስላል። የሞለኪውሉ ብዛት ግን አንድም አልጎደለም፣ መርዝነቱም ጨምሯል። ስለዚህ ሁሉንም ወደ ሞል፣ ማለትም ወደ ሞለኪውል ብዛት መለኪያ፣ ለውጦ መደመር ያስፈልጋል። ፐርኩ ለ166፣ ትራይክሎሮኢቲሊኑ ለ131፣ ሲስ-ዳይክሎሮኢቲሊኑ ለ97፣ ቪኒል ክሎራይዱ ለ62.5፣ ኢቲሊኑ ለ28 ይካፈላል። የማካፈል ሥራ ነው፣ በስልክሽ ካልኩሌተር ይሠራል።

ፐርክ ብቻ ከተገኘ ምናልባት መሬቱ ኦክስጅን አለው፣ ባክቴሪያዎቹ አልተነሱም። ኦክስጅን ባለበት ፐርክን የሚነካ የለም ማለት ይቻላል። ፐርክና ብዙ ሲስ-ዳይክሎሮኢቲሊን ከተገኘ ሥራው ተጀምሮ መሃል ላይ ቆሟል፤ ወይ ምግብ፣ ወይ ዴሃሎኮኮይዲስ፣ ወይ ፒኤች ጎድሏል። ቪኒል ክሎራይድና ኢቲሊን አብረው ከተገኙ ግን ሙሉው ቡድን እዚያ አለ። ውሃው አሁንም አይጠጣም። ጽዳቱ ግን በተፈጥሮ ሊታገዝ ይችላል፣ ከባዶ አይጀመርም። ሌላም አለ። ቪኒል ክሎራይድ ከአየር አልባው ቦታ ወጥቶ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ሲያገኝ፣ እዚያ ያሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች በእውነት ይበሉታል። እዚህ ላይ የሰፈራችሁ ልጅ ልክ ነው። ያ ግን ጠርዝ ላይ የሚሆን ነገር ነው፣ ጉድጓዳችሁ ጠርዙ ላይ ይሁን መሃሉ ላይ ምርመራው ነው የሚናገረው።

ማጣሪያ ለመግዛት አትቸኩሉ። የከሰል ማጣሪያ ፐርክንና ትራይክሎሮኢቲሊንን ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ቪኒል ክሎራይድን ግን በደንብ አይይዝም። የቱ እንዳለባችሁ ሳታውቁ ከገዛችሁ የሚያሳስበው ሊያልፋችሁ ይችላል። ደግሞ ፐርክ በትነት ከአፈር ተነስቶ በወለል ስንጥቅ ወደ ቤት ሊገባ ይችላል። ወደ ላውንደሪው ያለው ክፍል ማንም የማያድርበት ከሆነ ጥሩ ነው፣ የሚታደርበት ከሆነ መስኮቱ ይከፈት፣ በማመልከቻውም ላይ ይጻፍ።

ለእናትሽ የጋኑ ውሃ ለጊዜው ከቦኖ ይሁን በያት። ጀሪካን ማመላለሱ አድካሚ እንደሆነ አውቃለሁ። ውጤቱ ሲደርስሽ ሙሉ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ። እኔ መጀመሪያ የማየው ከታች ያለውን የኢቲሊን መስመር ነው።